ሥራ ፍለጋ በ«የብስክሌት ሌቦች» ፊልም

ሥራ አጥነትን የሚመለከት የኪነ ጥበብ ሥራ ብዙውን ጊዜ በልቅሶ ተጀምሮ በልቅሶ ያበቃል። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ያቀረበው የኢጣሊያ ፊልም «የብስክሌት ሌቦች» ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ዴ ሲካና ከድርሰቱ ጸሐፊዎች ዋነኛው ቼዛሬ ዛቫቲኒ ያተኮሩት በሥራ ፈላጊው እንባ ላይ ሳይሆን፣ ሥራ ለማግኘትና ይዞ ለመቆየት በሚጠየቀው ዋጋ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነቱ በኋላ በነበረችው ሮም ነው። አንቶኒዮ ሪቺ ከብዙ ጊዜ ሥራ አጥነት በኋላ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ይደርሰዋል፤ ዳሩ ግን ብስክሌት የሌለው አይቀጠርም። በዙሪያው የቆሙት ሥራ ፈላጊዎች ብስክሌት እንዳላቸው እየጮኹ ይሻሙበታል። እንዲህም ሆኖ ገና ደመወዝ ሳይከፈል ችግረኛ በችግረኛ ላይ ይነሣል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ በተገኘው ገንዘብ፣ ቀደም ሲል በመያዣነት የተሰጠው ብስክሌት ይወጣል። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ተሸክሞ፣ የሌሎች ቤተሰቦች አንሶላ እስከ ላይ በተከመረበት መደርደሪያ ላይ ሲወጣ እናያለን። አንድም ቃል ሳይነገር የአንድ ቤት ችግር የከተማ ችግር ሆኖ ይታያል። ከፊልሙ ትዕይንቶች ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ፖሊሱ አቤቱታውን መዝግቦ ያሰናብተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ጠንቋይዋም መፍትሔ የላቸውም፤ በሌብነት የተጠረጠረውም ወጣት እንደርሱው የድኻ ልጅ ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻ አንቶኒዮ ራሱ የሰው ብስክሌት ሰርቆ በልጁ በብሩኖ ፊት ይያዛል። ርእሱ በብዙ ቁጥር የተሰየመበት ምክንያት የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጉድለት ግን አለ። ሠራተኞች ስለ ሥራ ጉዳይ የሚወያዩበትን ምድር ቤት ፊልሙ ፈጥኖ ያልፈዋል። ባዮኮ የተባለው ወዳጁና ጓደኞቹ ብስክሌቱን በገበያ ፈልገው ሲያጡ ከታሪኩ ይወጣሉ፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ይቀራሉ። የመተባበሩ ሙከራ አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ቢታይ ኖሮ፣ የአንቶኒዮ ብቸኝነት ምክንያቱ ይበልጥ በተገለጸ ነበር።

አንቶኒዮን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የሙያ ተዋናይ ሳይሆን የብሬዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙ ዓለምን እየዞረ ሲወደስ እርሱ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነሰ። በኋላም በፊልም ያገኘው ሥራ በጥቃቅን ሚናዎች የተወሰነ ነበር። የሥራ አጡን ሰው ፊት ለሥነ ጥበብ ያዋሰው ሠራተኛ ራሱ ሥራ አጥ ሆነ ማለት ነው። ይህ የፊልሙን ክብር አይቀንስም፤ ነገር ግን ለጸሐፌ ተውኔቱና ለአዘጋጁ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። የሠርቶ አደሩን ኑሮ በመድረክና በሸራ ላይ የምናሳይ ሁሉ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያ ሰው በምን እንደሚተዳደር መጠየቅ የሥራችን አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባል።