ለልጆች ስለ ተጻፈ አንድ የባርነት ታሪክ

ልጅ ያነበበውን ያምናል፤ ስለዚህ ለልጅ የሚጽፍ ሰው ለሊቅ ከሚጽፈው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ይህን የሚያስታውሰን በአሜሪካ አገር በ2016 ዓመት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የወጣው «ለጆርጅ ዋሽንግተን የልደት ኬክ» የተባለው ባለሥዕል መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሬዚዳንቱ ወጥ ሠሪ፥ ሄርኩሊስ የተባለ ባርያ፥ ለጌታው የልደት ቀን ኬክ ሊጋግር ሲነሣ ስኳር ያጣል፤ ታሪኩን የምትነግረን ልጁ ዴልያ ናት። ሥዕሎቹ ደማቆች ናቸው፤ አባትና ልጅም ደስ ብሏቸው ይታያሉ። አሳታሚው ግን ከብዙ ነቀፌታ በኋላ መጽሐፉን በወጣበት ወር ከገበያ ሰበሰበው።

ደራሲዋ ክፉ አሰበች አንልም፤ የሄርኩሊስን የእጅ ሙያ ልታከብር ወድዳለች፥ ሙያውም እውነት ነው። ስሕተቱ እውነቱን ከፍሎ ማቅረብ ነው። ሄርኩሊስ የካቲት 22 ቀን 1797 ዓመት፥ ዋሽንግተን 65 ዓመት በሞላበት በዚያው የልደት ቀን፥ ከማውንት ቨርኖን እርሻ ኰብልሎ ጠፋ። ልጆቹም በባርነት ቀሩ። መጽሐፉ ማምለጡን በመጨረሻ ማስታወሻ ይጠቅሰዋል፤ ልጅ ግን ሥዕሉን እንጂ ማስታወሻውን አይመለከትም።

«ልጆችን ማስደንገጥ አይገባም» የሚሉ አሉ። መልሱን ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ዓመት ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክ እናገኛለን። በሜሪላንድ እርሻ የባርያ ልጆች በዓመት ሁለት ሸካራ ሸሚዝ ብቻ ይሰጣቸው ነበር፤ ያ ካለቀ ዕራቁታቸውን ይከርማሉ። የበቆሎ ገንፎ እንደ ከብት በእንጨት ገንዳ ይቀርብላቸዋል፤ አንዱ በዛጎል፥ አንዱ በእጁ እየዛቀ ይሻማል፤ ፈጥኖ የበላ ብዙ ያገኛል። እናቱ ቀን በእርሻ ስትደክም ውላ፥ ሌሊት 12 ማይል በእግርዋ መጥታ ታስተኛዋለች፤ ሳይነቃም ትመለሳለች። በዚህ ክፍል ደም አይፈስም፤ ነገር ግን ሕፃን ሸሚዝን፥ ገንፎንና እናትን ያውቃልና ባርነት ምን እንደ ሆነ ያስተውላል። ኦሪት ዘጸአትም የጭቃውንና የጡቡን መከራ ከልጆች አልሸሸገም፤ ልጆች በጠየቁ ጊዜ አባቶች እንዲነግሯቸው አዘዘ እንጂ።

ሄርኩሊስ በጠፋበት ዓመት የፈረንሳዩ ልዑል ሉዊ ፊሊፕ ማውንት ቨርኖንን ጐብኝቶ ነበር። አሽከሩ የሄርኩሊስን ትንሽ ልጅ አባትሽን ዳግመኛ ስለማታዪው ታዝኚያለሽን ብሎ ቢጠይቃት፥ ነፃ ወጥቷልና ደስ ይለኛል ብላ እንደ መለሰች ልዑሉ በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። መጽሐፉ የሕፃኒቱን እውነተኛ ደስታ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ፥ ከኬኩ ዘንድ ሳይሆን ከዚህ ቃል ዘንድ ባገኘው ነበር።