የአንድ ቀን ሸክላ፦ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ዘፈኖች በደረጃ

የአንድን አልበም ዘፈኖች በደረጃ መደርደር እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይቆጠራል። ሚዛኑ አስቀድሞ ከተነገረ ግን ሰሚው የወደደበትን ምክንያት እንዲያስረዳ የሚያስገድድ የሂስ መንገድ ነው። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ለዚህ ዓይነቱ ምዘና በጣም ይመቻል። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ ቤዚስቱ ጊዘር በትለር፣ ድራመሩ ቢል ዋርድና ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን ከበርሚንግሃም መጥተው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1969 ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ቀድተው ጨርሰውታል። ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ቤይን በክለብ እንደሚጫወቱት አብረው እንዲጫወቱ አደረጋቸው። ስለዚህ በዘፈኖቹ መካከል የሚሰማው የጥራት ልዩነት በስቱዲዮ ብልሃት ሊሳበብ አይችልም፤ መሣሪያው፣ እጁና ቀኑ አንድ ነውና ልዩነቱ ከድርሰቱ የመጣ ነው። የእኔ ሚዛን አንድ ጥያቄ ነው፦ ባንዱ ከተማረበት ብሉዝ ወጥቶ የራሱን ድምፅ ያገኘው የት ላይ ነው?

አንደኛ የማደርገው የባንዱንና የአልበሙን ስም የሚጋራውን «ብላክ ሳባዝ»ን ነው፤ ሁለተኛው የሚከተለውም በጣም ርቆ ነው። ዘፈኑ በዝናብ፣ በነጎድጓድና በቤተ ክርስቲያን ደወል ይከፈታል። እነዚህ ድምፆች በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ከዚያ ጊታሩና ቤዙ ሦስት ድምፅ ብቻ ያወጣሉ፦ ጂ፣ ያው ጂ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ሲ ሻርፕ። ሦስተኛው ድምፅ እየተርገበገበ ይቆይና እንደገና ከመነሻው ይጀመራል። ኦዝቦርን ሲገባ ጊታሩ ጉልበቱን ቀንሶ ያንኑ ሦስት ድምፅ በስሱ ይነካካል፤ ዋርድም ምት ከመጠበቅ ይልቅ ድራሞቹን አንከባሎ ዝም ይላል። ግጥሙ የተነሣው በትለር ሌሊት ነቅቶ ከአልጋው ግርጌ አየሁት ካለው ጥቁር ምስል ነው።

ስለዚህ ዘፈን የሚጽፉ ሰዎች በጂና በሲ ሻርፕ መካከል ያለውን የስድስት ግማሽ ድምፅ ርቀት ሳያነሡ አያልፉም። አውሮፓውያን የሙዚቃ ሊቃውንት ርቀቱን ከሰይጣን ጋር አያይዘው ጠርተውታል፤ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አግዳው ነበር የሚለው ወሬ ግን በሰነድ የተደገፈ አይደለም። ለእኛ ጆሮ ደግሞ ማብራሪያው ከነጭራሹ አይበቃም። ይኸው ርቀት ከመነሻው ድምፅ ተቆጥሮ በአንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ይገኛል፤ አንቺሆዬ ደግሞ ሙሽራ የምትሞገስበት፣ እልልታ የሚቀልጥበት ቅኝት ነው። በክራር ሲደረደር የሚደነግጥ የለም። እንግዲህ ፍርሃቱ በርቀቱ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ነገር አይደለም። አንቺሆዬ ያንን ድምፅ በጎረቤቶቹ መካከል እያዘዋወረ በፍጥነት ያልፈዋል፤ አዮሚ ግን ብቻውን አቁሞ ያስጠብቀናል። የሚያስፈራው ዝግታው ነው፣ በድምፅና በድምፅ መካከል የተተወው ባዶ ቦታም ነው። ወደ መጨረሻው ዘፈኑ ሲፈጥን ፍርሃቱ መቅለሉ ለዚህ ምስክር ነው።

ባዶነቱ የእጅ ታሪክም አለው። አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ሽፋን ሠራ፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ ሜጀር ወይም ማይነር መሆናቸውን የሚለየው ድምፅ የሌላቸውን ጥቂት ክር የሚይዙ ኮርዶች አዘወተረ። ብዙ ተቺዎች ይህን ድምፅ በበርሚንግሃም ፋብሪካዎች ጩኸት ይተረጉሙታል። ከከተማው ጩኸት ይልቅ ከእጁ መነሣት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጉዳቱ በእያንዳንዱ ኮርድ ላይ ይሰማልና።

ሁለተኛው «ኤን.አይ.ቢ.» ነው። በትለር ለብቻው በቤዝ ጊታር ይከፍተዋል፤ ከዚያ ጊታሩ ገብቶ ሁለቱ አንድ ሪፍ በኅብር ይጎትታሉ። በግጥሙ የሚናገረው ሰይጣን ራሱ ነው፣ ያውም ፍቅር ይዞት። ኦዝቦርን ይህን ያለ ፌዝ፣ እንደ ማንኛውም አፍቃሪ ይዘፍነዋል፤ የዘፈኑ ክብርም ከዚህ ይመነጫል። ሦስተኛ «ዘ ዊዛርድ»ን አስቀምጣለሁ። ሃርሞኒካው የብሉዝ ነው፣ ነገር ግን ከጊታሩ ጋር ተጣብቆ ሪፉን ስለሚሸከም ሥራው ተለውጧል። በ«ቢሃይንድ ዘ ዎል ኦፍ ስሊፕ» ዋርድ የጃዝ ድራመሩን ጂን ክሩፓን እየሰማ ማደጉ ይታወቃል፤ ከድራሙ ባሻገር ግን የሚያዝ ነገር አላገኘሁበትም። «ስሊፒንግ ቪሌጅ» ጥሩ መግቢያ አለው፣ ዘፈን ለመሆን ግን አልደረሰም።

«ዋርኒንግ» ከሌላ ባንድ፣ ከአይንስሊ ደንባር ሪታሊየሽን፣ የተወሰደ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ አብዛኛው የአዮሚ ሶሎ ነው። ሌስተር ባንግስ እ.ኤ.አ. በ1970 በሮሊንግ ስቶን መጽሔት ባንዱን ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ደካማ ቅጂ አድርጎ ሲተች ይህን ዘፈን በልቡ ይዞ ይመስለኛል፤ ለዚህ ዘፈን ፍርዱ ልክ ነው። ስለ መጀመሪያው ዘፈን ግን ምንም አያስረዳም፤ ክሪም እንዲህ ዘግይቶ፣ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅምና።

መጨረሻ የሚቀመጠው «ኢቭል ዉማን» ነው። የአሜሪካኖቹ የክሮው ዘፈን ሲሆን በነጠላ ሸክላ ገበያውን ያስከፍታል ተብሎ ባንዱ ሳይወድ የተጫወተው ነው፤ አለመውደዱም ይሰማል። አዮሚ የሌላ ሰው ሪፍ ላይ ሲሠራ እጁ የተለመደውን ነገር በትጋት ይፈጽማል እንጂ ምንም አይፈልግም። የአሜሪካው ዕትም ይህን አውጥቶ በምትኩ በብሪታንያ የነጠላው ጀርባ ሆኖ የወጣውን «ዊክድ ወርልድ»ን አስገብቷል። ይህ ዘፈን በጃዝ ምት ተነሥቶ ስለ ጦርነትና ስለ ድህነት ይናገራል፤ በእኔ ደረጃ ከ«ዘ ዊዛርድ» ቀጥሎ አራተኛ ይሆናል። አልበሙን ገና ለሚጀምር ሰው የአሜሪካውን ዕትም እንዲይዝ እመክራለሁ።