ውዳሴ ቅሬ

በምሥራቅ የዞብል ተራራ ዘብ የቆመልሽ፣ በምዕራብ የግዳን ከፍታዎች ጎርፋቸውን ከእግርሽ ሥር የሚያፈሱልሽ፣ ከጎብዬ እስከ ሮቢት፣ ከሮቢት እስከ ቆቦ ማሽላሽ ረጅሙን ሰው የሚውጥ፣ ጤፍሽ ዓይን የሚያጠግብ፣ የራያ ቆላ ሆይ፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን! ለሜዳሽ ውበት ያዜመ ብዙ ነው። ለጀግኖችሽ ያቅራራ፣ በነሐሴ ሶለል ለሚጫወቱ ልጃገረዶችሽ ያጨበጨበ ብዙ ነው። የዛሬው ምስጋና ደግሞ ማኅተም ለሌለው ባለሥልጣንሽ፣ ደመወዝ ለማይቆጠርለት አገልጋይሽ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሲል ላቆመው ማኅበርሽ ለቅሬ ይቅረብ።

ቅሬ ሆይ! ሌላው አገር እድር የሚልህ፣ ወሎ በዚህ ስምህ የሚያከብርህ፣ ደንብህ ተጻፈም አልተጻፈም ሕግህ በሰው ሁሉ ልብ ያደረ፣ አንተን እናወድሳለን። ጥሩንባህ በሌሊት ሲነፋ ተኝቶ የሚቀር እግር የለም። በቀን ሲነፋም የሚያርሰው ጥማዱን ይፈታል፤ ገበያ የወጣው ከመንገድ ይመለሳል። አንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብሩ፣ አንዱ መጥረቢያ ይዞ ወደ እንጨቱ፣ አንዷ እንስራ አዝላ ወደ ውሃው፣ አንዷ ሞሰብ ተሸክማ ወደ ልቅሶው ቤት ይጓዛሉ። በአንተ ዘንድ ሐዘንተኛ እሳት አያነድም፤ ለድንኳኑ አይጨነቅም፤ ለእንግዳው መቀመጫ ብሎ ደጅ አይጠናም። የእርሱ ድርሻ ማልቀስ ነው፤ ሌላውን ሁሉ አንተ ትሸከምለታለህ። ለቀረ አባል ቅጣት አለህ፤ ቅጣትህም ሀብታሙንና ድሃውን እኩል ስለሚይዝ፣ ባለ ብዙ ጥማድ ሲሞት የሚወጣው ሰው ምንም የሌላት መበለት ስትሞትም ይወጣል። በሕይወት ሳለች እኩልነትን ያላየች ሴት ቢያንስ በመጨረሻው ቀኗ በአገር ሁሉ ትከሻ ላይ ትከብራለች።

የክርስቲያኑን መቃብር የሚቆፍር ሙስሊም፣ የሙስሊሙን ቃሬዛ የሚሸከም ክርስቲያን ያፈራህ ቅሬ ሆይ፤ አንተን እናወድሳለን። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርስ ሙስሊሙ ጎረቤት ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሶላተል ጀናዛ ሲሰገድ ክርስቲያኑ ፈንጠር ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ከቀብር ሲመለሱ በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። ለተዝካሩም ለሰደቃውም የየእምነቱ ሰው የየራሱን ያርዳል፤ ማጽናናቱ ግን የሁሉም ነው። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ አሚንና አሜን በአንድ ትንፋሽ ይሰማሉ። መጻሕፍት ስለ መቻቻል ብዙ ጽፈዋል፤ አንተ ግን ሳትጽፍ በየሳምንቱ በዶማና በቃሬዛ ስታስተምረው ኖረሃል።

ለሞት ሥርዓት ተመሥርተህ ሳለ የሕያዋን ጠባቂ የሆንክ ቅሬ ሆይ፤ አንተን እናወድሳለን። ምጥ የጠናባትን እናት መኪና ከማይደርስበት መንደር ጤና ጣቢያ ድረስ በትከሻቸው ያደረሱት ያንተ ጎልማሶች ናቸው። የአንድ ገበሬ በሬ እግሩ ቢሰበር ይታረዳል፤ ሥጋው በመደብ ተደልድሎ ጎረቤቱ ሁሉ ይገዛዋል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሌላ በሬ መግዣ መነሻ ይሆናል። ባሏ የሞተባትን ሴት ማሳ ጎረቤቱ በጅጌ ወጥቶ ያርሰዋል፣ ያርመዋል፣ ያጭደዋል። ቤቱ ለተቃጠለበት አንዱ ማገር፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ ጉልበት ያዋጣለታል። የድንበር ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ከዳኛህ ፊት ይቀርባል። ደም በፈሰሰ ጊዜ ወሎ አባጋር የሚላቸው አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ለምነው፣ ገዝተው፣ ደም ያደርቃሉ፤ ገዳይን ከብቀላ፣ የሟችን ልጆች ከዕድሜ ልክ ቂም ያወጣሉ።

የራያ ገበሬ ጎርፍን የሚያስተናግድበትን ጥበብ ያየ ሰው፣ ቅሬ ሆይ፣ አንተን ማወቅ ይቀልለዋል። ዝናቡ በደጋው ላይ ይጥላል፤ ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎሊናና ሆርማት በድንገት ሞልተው ይመጣሉ። ዝም ቢባሉ አፈር ጠርገው፣ ከብት ወስደው ያልፋሉ። ገበሬው ግን ቀደም ብሎ በአሸዋው ላይ ከአፈር፣ ከድንጋይና ከእሾህ ቅርንጫፍ መጥለፊያ አበጅቷል፤ ቦይ ቀድዷል፤ የውሃ አባት መርጦ የላዩና የታቹ ማሳ በየተራው እንዲጠጣ ሥርዓት ሠርቷል። ያ አጥፊ ውሃ ደለሉን ይዞ በማሳው ላይ ይተኛል፤ በኅዳር ማሽላ ሆኖ ይታጨዳል። አንተም ቅሬ ሆይ፣ በአንድ ቤት ላይ የሚወርደውን መከራ በመቶ ቤት ቦይ ታከፋፍለዋለህ፤ ለአንድ ሰው የማይቻለው ለሁሉ ይቻላል።

በክፉ ዘመን የጸናህ ቅሬ ሆይ፤ አንተን እናወድሳለን። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ስትራብ ቤተ መንግሥቱ ዝም ባለ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ይዘውት የመጡት ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ግቢያቸው ለዕይታ ሳይቀርብ ገና፣ የመጨረሻ ቁና እህሉን ከጎረቤቱ ጋር የተካፈለ ሰው በየመንደርህ ነበረ። በሰባ ሰባቱም ድርቅ እንዲሁ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን በራያ ደጋ ጫፍ ካለችው ቆረም ያነሡት ፊልም በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ። ዓለም ደነገጠ፤ በለንደን ዘፋኞች ተሰብስበው ዘፈኑ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ለተራበው ሕዝብ ሲባል ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተደገሰ። የዚያ ታላቅ የእርዳታ ንቅናቄ መነሻው ይህ በቆረም የታየው ስቃይ ነበር። ለዚያ ርኅራኄ ምስጋናችን አይጎድልም። ካሜራው ከመድረሱ በፊት ግን በየመንገዱ የወደቀውን ያነሣ፣ ውሃ በቅል ያቀመሰ፣ የሞተውን ራሱ እየተንገዳገደ የቀበረ የራያ ጎረቤት ነበረ። የእርሱን ስም ማንም አልዘፈነለትም፤ ዛሬ እኛ እናወድሰዋለን።

ለእናንተም ከቅሬ ጎን ለቆማችሁ ማኅበራት ክብር ይሁን! በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ደመና ሲያንዣብብ ለተመሠረተው፣ ዛሬም በአምቡላንሱና በበጎ ፈቃደኞቹ ለሚደርሰው ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፤ በ1984 ዓ.ም. ተመሥርቶ ከአባላቱ በሚሰበስበው መዋጮ የመማሪያ ክፍልና ጤና ኬላ ለሚያቆመው ለአማራ ልማት ማኅበር፤ ውሃ ለሚያወጣው፣ ችግኝ ለሚያፈላው፣ እህል ለሚያደርሰው ለአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት፤ ከጓዳቸው ቀንሰው ለሚልኩ በየከተማውና በየባሕር ማዶው ላሉ የራያ ልጆች ምስጋና ይድረስ። ከእናንተ መካከል ሥራው ፍሬ ያፈራለት ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ወደ መንደሩ የገባው በሽማግሌው ደጅ በኩል ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የሚታቀፈው ማን እንደሆነ ሲለይ፣ ከወረቀቱ በላይ ያገለገለው የማን ጎተራ እንደጎደለ፣ የማን ልጅ ሳይበላ እንደሚያድር የሚያውቅ የጎረቤት ዓይን ነው። ያ ዓይን፣ ቅሬ ሆይ፣ የአንተ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ሰማዩን ሸፍኖ በደረሰው ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ ያየን እናስታውሳለን። ሕፃናት ጣሳ እየደበደቡ፣ እናቶች ነጠላቸውን እያወዛወዙ፣ ሽማግሌዎች ጅራፍ እያጮሁ ማሳ ለማሳ ሮጡ። ማጭድ ጨብጦ የማያውቅ የከተማ ሰው ሳይቀር ለአጨዳ ወጣ። የራሱ ማሳ ተበልቶ ያለቀበት ገበሬ የጎረቤቱን ለማትረፍ ሲሮጥ መታየቱ፣ ይህ ነው ቅሬ የሚያስተምረው! ከሰማይ የወረደውን መንጋ ሁሉ ማስቆም አልተቻለም፤ ተስፋ መቁረጥን ግን ማስቆም ተችሏል።

ከሁሉም የከፋው ቀን መጣ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ቆቦ ወረደ። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ዝም አለ። የቢሮ በሮች ሁሉ በተዘጉበት በዚያ ወራት ያልተዘጋ በር ቢኖር የአንተ ነበር። ወፍጮ ቤቶች ሲቆሙ እናቶች በድንጋይ ወፍጮ ፈጩ፤ የፈጩትንም ለብቻቸው አልበሉትም። የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ባዶ ሲሆን የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛው የጎረቤቱን ደጅ አንኳኳ። የጳጉሜን ወር ሞትን ይዞ ሲገባ፣ የሰብዓዊ መብት ተቋማት በኋላ የመዘገቡት የሲቪሎች ግድያ በቆቦና በዙሪያዋ ሲፈጸም፣ ጥሩንባ መንፋት የማይቻልበት ቀን ሆነ። ጥሩንባ ሳይነፋ ሰው ወጣ። ነፍሱን በእጁ ይዞ የወደቁትን አነሣ፤ ቃሬዛ ባይገኝ በበር ሳንቃ ተሸከመ፤ ሥርዓቱ ባይሟላ አፈሩን አለበሰ። ያን ቀን የቀበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እናንተ የሰውን ክብር ከመሬት አንሥታችኋል፤ ውዳሴያችን ሁሉ ከእናንተ እግር ሥር ይወድቃል!

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ቆቦ ጥቂት ተነፈሰች፤ በነሐሴ ጦርነቱ ዳግም ተመለሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን የተኩስ ድምፅ ከራያ ጆሮ ፈጽሞ አልራቀም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተፈናቃይ በአንተ ቤት ማረፊያ አላጣም። ወልድያ ደርሶ የተመለሰው፣ ደሴ ከርሞ የመጣው፣ ቤቱን ፈርሶ ያገኘው፣ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ጎረቤቱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው የአባቶች ቃል በአንተ ሥጋ ለብሶ ይኖራል።

ስለዚህ ለራያ መልካም የምታስቡ ሁሉ ሆይ፣ ዕቅዳችሁን ከቅሬው ድንኳን ጀምሩ። ድንኳኑ አርጅቶ እንደሆነ አድሱለት፤ ጎድጓዳ ድስቱ ተዘርፎ እንደሆነ ተኩለት፤ ታማሚውን ለማድረስ መንገድ አውጡለት። ሥልጣኑን አትውሰዱበት፤ ባለቤቱ ጎረቤት ነው። የፖለቲካ ወገን አታድርጉት፤ የሁሉም ሬሳ በእርሱ ትከሻ ይሄዳልና። የሽማግሌዎቹን ቃል ወጣቶች ይመዝግቡት፤ ደም ያደረቁ፣ ጎርፍ የከፈሉ፣ በረሃብ ቀን ቁና ያካፈሉ አባቶችና እናቶች ታሪክ ለልጅ ልጅ ይድረስ። እናቶችን በተለይ አትርሷቸው፤ በልቅሶው ቤት በስተጀርባ ምድጃ ሥር ተቀምጠው፣ ጭስ ዓይናቸውን እያቃጠለው ለመቶ ሰው የጋገሩ እነርሱ ናቸው። የቅሬ ግማሽ ክብሩ የእነርሱ ነው።

አሁንም እንመርቅ። ቅሬ ሆይ፣ ጥሩንባህ ዕድሜ ለጠገበ ብቻ ይነፋ። ልጅ አባቱን ይቅበር እንጂ አባት ልጁን አይቅበር። ድንኳንህ ከልቅሶ ይልቅ ለሠርግ ይተከል። ጎሊናና ሆርማት በልክ ሞልተው፣ ደለላቸውን ለማሳህ ሰጥተው ይለፉ። ማሽላህን አንበጣ አይየው፤ ልጆችህን ጥይት አይያቸው። የተፈናቀለው ወደ ቤቱ፣ የተጣላው ወደ እርቁ፣ የራቀው ወደ አገሩ ይመለስ። ካህንህና ሼህህ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው አብረው ይሸምግሉ። ከአንተ የሚወለድ ትውልድ ከአንተ የበለጠ ይተሳሰብ። ይሁን፤ ይደረግልን!