ፓውደር ለደገኛ ወንድ!

«ጉድ በል ጎንደር» የሚባለው ለሌላ ጊዜ ይቆየንና፣ ዛሬስ ጉድ ይበል ሸዋ! አጥንት ሰርስሮ በሚገባው የደብረ ብርሃን ብርድ መሀል ለወንድ የሚሆን፣ መዓዛው ልብ የሚያርስ ፓውደር አግኝቻለሁ። አትሳቁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፓውደር ለሕፃን መቀመጫ ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ ለሴት ቦርሳ ነው፣ ከዚያም ሲያልፍ አዋሽና አፋር ላይ ላብ ለሚያጠምቀው ሰው ነው እል ነበር። ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ሹራብ ደርቦ፣ ኮት ደርቦ የሚሄድ ሰው ፓውደር ምን ያደርግለታል?

ምን ያላደረገልኝ አለ በሉኝ!

ነገሩ የተጀመረው ፀጉር ቤት ነው። አስተካካዩ ቶንዶዙን አጥፍቶ ማጅራቴን በምላጭ ካስተካከለ በኋላ እንደ ወትሮው አልኮል ሊረጭብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። በደብረ ብርሃን ጠዋት፣ አዲስ የተላጨ አንገት ላይ አልኮል ምን እንደሚሠራ የቀመሰ ያውቀዋል። እሱ ግን ከመስተዋቱ ሥር አንድ ቆርቆሮ አወጣና ለስላሳ ብሩሽ ላይ ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰ፤ ብሩሹን በጠረጴዛው ጠርዝ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ትርፉን አራገፈና ከጆሮዬ ሥር እስከ ኮሌታዬ ዳበሰኝ። የተቆረጠው ፀጉር ሁሉ ተጠርጎ ወረደ። ማሳከኩ ቀጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ሽታው መጣ፤ መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ፣ ቆይቶ ሰንደል፣ ከሥሩ ደግሞ አዲስ የታጠበ ሸሚዝ የሚመስል ነገር። ወንድሜ፣ ይሄን ነገር ከየት አመጣኸው? አልኩት። ከዱባይ የመጣ ነው አለኝ፣ በኩራት።

ለካ የዓለም ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ይህን ሲያውቅ እኛ ተኝተን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ባለ ረጅም ባርኔጣና ባለ ሪዝ ሰውዬ የተሳለበት የፒኖ «ክለብማን» ፓውደር የፀጉር ቤት ሽታ እስከመሆን የደረሰ ነው። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1770 የተመሠረተው ያርድሊ ለወንድ ብሎ የሚያሽገው ታልክ አለው። ኦልድ ስፓይስም በዘመኑ ፓውደር ነበረው። እነሱ ሲነሰንሱ እኛ አልኮል እየተረጨብን «እፍፍፍ» ስንል ኖርን!

እንዴት እንደሚሠራ ሳነብማ ይበልጥ ተደነቅሁ። ታልክ ድንጋይ ነው፤ ያውም ከማዕድን ሁሉ ለስላሳው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ ላይ አልማዝ 10 ሲይዝ ታልክ 1 ይዞ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ስስ ስስ ሆኖ የተነባበረ ስለሆነ ንብርብሩ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። አንገትና ኮሌታ፣ ብብትና ሹራብ፣ ጭንና ሱሪ እንዳይፋተጉ የሚያደርገው ይኸው ነው። ውኃ መምጠጡ ላይ ግን ያን ያህል አይደለም፤ የቆዳ ወዝን ነው የሚይዘው። ላብ የሚመጥጠው የበቆሎ ስታርች ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። ብዙ የሚራመድ ሰው ስታርች ያለበትን ይውሰድ።

የደገኛ ላብ ደግሞ የተደበቀ ላብ ነው። ቆለኛው ሲያልበው ሸሚዙን ከፍቶ ነፋስ ያገባል። እኛ ጠዋት ለብርዱ የደራረብነው ልብስ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ምድጃ ይሆንብናል፣ ማውለቅ ደግሞ እንፈራለን፣ እዚያው ውስጥ እንቀቀላለን። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለቤት የሆነች ከተማ ልጅ ይህን አያጣውም።

ፓውደሩ የተፈተነው ግን አንኮበር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የአንኮበር ከተማዋ ጎረቤላ ስትደርሱ ገና ጉም ውስጥ ናችሁ፤ ከንፈር ይደርቃል፣ ጆሮ ይቀላል። ከዚያ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ያዙት። መጀመሪያ ጋቢው ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ኮቱ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ሹራቡ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ታች ስትደርሱ አየሩ የሌላ አገር ነው። ጠዋት የተነሰነስኩት እዚያ ድረስ አልከዳኝም። ብብቴ ደረቅ ነው፣ ጭኔ አልተላጠም፣ ኮሌታዬን ገለጥ ሳደርግ ሰንደሉ አሁንም አለ!

ይህ መንገድ ደግሞ ለመዓዛ ባዕድ አይደለም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊሊያም ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ ዳገት ነው። አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴ ገበያ በነበረችበት ዘመን ወደ ባሕሩ ከሚወርደው ሸቀጥ፣ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ዝባድ ነበረበት። ያ ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ ውጭ አገር ደርሶ የሽቶ ማጽኛ ይሆናል፤ ሽታ ቶሎ ተንኖ እንዳይጠፋ የሚይዘው እሱ ነው። እንግዲህ የፈረንጅ ሽቶ በኛ ጥርኝ ሲጸና፣ ለደገኛ ወንድ ማሽተት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አመራረጡን ልንገራችሁ። ሜንቶል ያለበትን «ቀዝቃዛ» የሚባለውን ፓውደር ደብረ ብርሃን ላይ እንዳትሞክሩት! ሜንቶል ቆዳን በእውነት አያቀዘቅዝም፤ ብርድ የሚለየውን ነርቭ አታሎ «በረደኝ» ያሰኘዋል እንጂ። በጥር ጠዋት እዚህ ከተማ ላይ የሚያታልል ብርድ ምን ያደርጋል፣ እውነተኛው ሞልቶ! እሱን አልዩ አምባ ለሚያድር ሰው ተዉለት። ላቬንደር ጥሩ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን ለኔ ትንሽ ሳጥን ሳጥን ይሸታል። ከረሜላ ከረሜላ የሚለውን ለልጆች ተዉ። ሰንደልና የእንጨት ሽታ ያለበት ነው የኛ፤ ከዕጣኑም ከቡናውም ከጋቢውም ጋር አይጣላም። ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮውን አፍንጫችሁ ሥር ደቅናችሁ አትወስኑ። አቦል ላይ የእጃችሁን አንጓ ቀቡና በረካ ላይ አሽትቱት፤ ያን ጊዜ የቀረው ነው እውነተኛ ሽታው። ለአረቄ ሽታ ግን አይሆንም፤ እሱን የሚሸፍን ፓውደር ገና አልተፈጠረም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ታልክ ከመሬት ሲወጣ አስቤስቶስ ከሚባለው አደገኛ ማዕድን ጎን ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ታልክን ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ካለ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም የሕፃናት ፓውደሩን እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካና ካናዳ ላይ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም ከታልክ ወደ በቆሎ ስታርች ቀይሯል። ስለዚህ እኔ አሁን የምነሰንሰው በስታርች የተሠራውን ባለ ሰንደል ነው፤ ሽታው አልጎደለም፣ ላቡንም ይበልጥ ይመጥጣል። የቱንም ብትመርጡ አየር ላይ አታቡንኑት። መዳፍ ላይ ቆንጠር፣ ከፊት ራቅ፣ በደረቀ ገላ ላይ ዳበስ፣ በቃ። ቁስልና የምላጭ ጭረት ላይ አታድርጉ፤ ምላጩ በአልኮል መጽዳቱም ይቀጥል። ፀጉር ቤት ስትሄዱ የራሳችሁን ብሩሽ ያዙ፣ የመቶ ሰው ማጅራት የነካ ብሩሽ ይዞት የሚመጣው ሽታ ብቻ አይደለም።

እና አሁን ልመናዬ ለሳሙናና ለቅባት አምራቾቻችን ነው። በመንዝና በአንኮበር ደጋ ላይ ስትራመዱ እግራችሁ ሥር የሚሸተው ጦስኝ፣ በሻይ የምንጠጣው፣ በወጥ የምንጨምረው፣ ያ ሁሉ መዓዛ እዚያው ሜዳ ላይ በከብት እየተረገጠ ነው። በቆሎም አለን። ዱባይ ድረስ ምን አስኬደን? የበቆሎ ስታርች ላይ ጦስኝና ትንሽ ሰንደል ያለበት የወንድ ፓውደር ሥሩልን፤ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ እኔ እገዛለሁ፣ ሁለተኛውን ያ ፀጉር አስተካካይ።