የጥቅስ ቆጠራና የአባት ስም

በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የትምህርት መጽሔት በጥቅስ ብዛት ለመመዘን የሚነሣ ገምጋሚ፣ ቆጠራው ማንን እንደሚቆጥር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። የተለመደው የተጽዕኖ ቀመር መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዓመቱ የተጠቀሱበትን ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ያካፍላል። ለትምህርት ቋንቋ ጥናት ሁለት ዓመት ምንም አይደለም፤ የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስጀመራቸው ልጆች ስምንተኛ ክፍልን እስኪጨርሱ እንኳ ስምንት ዓመት ፈጅቷል።

የባሰው ችግር ግን ሰዋስዋዊ ነው ማለት ይቻላል። የጥቅስ ማውጫዎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ይይዛሉ። ኢትዮጵያዊው ደራሲ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ተከታዩ የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ነው። አንዱ ጠቃሽ በራሱ፣ ሌላው በአባቱ ስም ሲመዘግበው አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። የላቲኑ ፊደል ደግሞ እንደገና ይከፍለዋል። «ከበደ» የሚለው ተራ ስም እንኳ የ«በ» መጥበቅ አንዴ ተደርቦ፣ አንዴ ተትቶ ይጻፋል፤ የግዕዙ አናባቢም እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል። ማሽኑ እነዚህን ሁሉ የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይወስዳል።

የ2015ቱ የላይደን መግለጫ ተመዛኞች መረጃቸውን እንዲያረጋግጡ ይፈቅዳል። መልካም ነው፤ ሆኖም ሸክሙን በደራሲው ላይ ይጥላል። አዘጋጆች የደራሲውንም የተጠቃሹንም ስም በግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ጎን ቢያትሙ፣ ቢያንስ የሰው ዓይን የተበተነውን ጥቅስ መልሶ ሊሰበስብ ይችላል።