ስለ ወርቅ ፍለጋ ለወጣንያን

በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ወርቅ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1851 ከተሰማ ወዲህ፣ ከአራቱ ማዕዘነ ዓለም የተሰበሰበው ሕዝብ በዶማና በአካፋ ያልገለበጠው ሸለቆ የለም ለማለት ቢያስደፍርም፣ ያ ሁሉ ቆፋሪ ዓይኑ ያየለትን ወስዶ ኅቡእ የሆነውን ለኋላ ትውልድ ትቶት አልፏል። በ1869 ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ በሞሊያጉል አጠገብ ያገኙት፣ ወደ 72 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ወርቅ የወጣው «ዌልከም ስትሬንጀር» የተባለው ጓል ከመሬት ገጽ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ነበር የተቀበረው፤ በ1980 ደግሞ፣ በ1850ዎቹ ቆፋሪ በጎረፈበት በኪንጋወር፣ ኬቨን ሂሊየር የተባለ ሰው በዲቴክተር፣ ማለትም በብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ፣ 27.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን «ሃንድ ኦፍ ፌዝ» አወጣ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ሰምቶ መሣሪያ ለመግዛት የሚሮጥ ወጣኒ፣ አብዛኛው ፈላጊ የሚያገኘው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ቅንጣት መሆኑን አስቀድሞ ቢረዳ ከብዙ ኀዘን ይድናል።

በአገራችን በአዶላና በሻኪሶ ወርቅ አጣቢው አፈሩን በገበቴ በውሃ እያማሰለ፣ ከባዱን ከቀላሉ እየለየ በዓይኑና በእጁ ይሠራል። ከሜልበርን ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ የመኪና መንገድ በሚደረስበት በደኖሊ ደረቅ ጫካ ግን ውሃው የለም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ ጆሮ ይዞራል።

የመሣሪያው ባሕርይ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በዘንጉ ጫፍ ያለው ኮይል፣ ይኸውም በልባስ የተሸፈነ የሽቦ ጥቅል፣ መግነጢሳዊ ኃይል ወደ ምድር ይልካል፤ ይህ ኃይል ብረትም ይሁን ወርቅ ወይም እርሳስ ባገኘ ጊዜ በዚያ አካል ውስጥ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይወለዳል፤ ጅረቱም በተራው የራሱን ኃይል መልሶ ስለሚያወጣ መሣሪያው ይህን መልስ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ነገር ግን የዚያ አገር ቀይ አፈር ራሱ ብረት አዘል ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው ወርቅ ከመናገሩ በፊት አፈሩ ይናገራል። ስለዚህም ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ኮይሉን ባዶ መሬት ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጉ የአፈሩ ጫጫታ ጸጥ እስኪል ድረስ መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ማስማማት ግድ ነው፤ አፈሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለዋወጥም ይህ ጉዳይ ጠዋት አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚረሳ አይደለም። ሞገዱን ሳያቋርጥ ከሚልከው መሣሪያ ይልቅ፣ ኃይሉን ልኮ ቶሎ በማቋረጥ በዝምታው መካከል የሚያዳምጠው፣ ፐልስ የሚሉት ዓይነት፣ እንዲህ ያለውን አፈር የተሻለ ይችለዋል፤ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ብረትን ከሌላው ለይቶ ዝም የሚያሰኘውን ማብሪያ ማጥፊያ በተመለከተ፣ ወጣኒ ሁሉ እጅግ የሚወደው እርሱን ስለ ሆነ፣ እኔ እንዳይነካው እመክራለሁ፤ ብረት በበዛበት አፈር ጠልቆ የተቀበረውን ወርቅ ብረት ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላልና።

አካሄዱ ዝግ ያለ ይሁን። ኮይሉ ከመሬት ሳይርቅ፣ በጫፍና በጫፉ ወደ ላይ ሳይነሣ፣ አንዱ ጥርጊያ የሌላውን ግማሽ እየደረበ ይሂድ። የዜማ ተማሪ ግዕዙን ከዕዝሉ የሚለየው መሪጌታው ስለ ነገረው ሳይሆን ደጋግሞ በመስማት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የአፈሩን ማጉረምረም ከወርቁ ድምፅ መለየትም በመቆየት የሚመጣ ነው፤ ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ጩኸት ሳይሆን የመሣሪያው የማያቋርጥ ለስላሳ ድምፅ ጥቂት መጠምዘዙ ብቻ ነውና።

ድምፁ ሲሰማ ቅጠሉንና የላዩን አፈር በጫማ ጠረግ አድርጎ እንደ ገና ማዳመጥ ያስፈልጋል። ድምፁ ከቦታው ከሸሸ ነገሩ ከተጠረገው ውስጥ አለ፤ በዚያው ጸንቶ ከበረታ ግን በዶማ ይቈፈር። አፈሩ በፕላስቲክ መዝገኛ ተዝቆ በኮይሉ ላይ ሲያልፍ ድምፅ ከሰጠ፣ ግማሹን ወደ መዳፍ ገልብጦ የቀረውን መፈተን፣ ዝም ያለውን ግማሽ መድፋት፣ የሚናገረውንም እንደ ገና መክፈል፣ ይህንንም ከቍንጥር የማይበልጥ አፈር እስኪቀር መደጋገም ነው። ቍንጥሩንም በኮይሉ ላይ ጥቂት በጥቂት ሲያራግፉት፣ አፈሩና ጠጠሩ በዝምታ ሲወድቁ አንዷ ቅንጣት ብቻ ጠቅ ትላለች። አንሥቶ በምራቅ ማሸት ነው፤ ወርቅ ከሆነች በጥላ ውስጥም ቢጫነቷን አትለውጥም።

ከዚያ በፊት ግን ብዙ ሌላ ነገር ይወጣል፤ የቆፋሪዎች የጫማ ሚስማር፣ የአደን ጠመንጃ የእርሳስ ፍንጣሪ፣ የቆርቆሮ ቅዳጅ። ሚስማሩን በማግኔት ሊለዩት ይቻላል፤ እርሳሱ ግን እንደ ወርቅ ስለሚናገር ሳይቈፈር አይታወቅም። ቍርጥራጩ ሲበዛ የሚያጉረመርመውን ሰው አልደግፈውም፤ እርሳስ ያለቀበት ሥፍራ ዲቴክተር የያዘ ሰው ቀድሞ የለቀመው ሥፍራ ነው፤ ወርቁም ከእርሳሱ ጋር ሄዷል። ሚስማርና እርሳስ በሞላበት፣ በአሮጌ ጉድጓዶች ዳርና ነጭ የኳርትዝ ስብርባሪ በተበተነበት ተረተር ላይ መቆየት ይሻላል።

ለዚህ ሥራ በቪክቶሪያ ማይነርስ ራይት የተባለውን ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ፈቃዱ በአብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች አይሠራም፤ በግል ርስት የባለቤቱን ይሁንታ ይጠይቃል፤ የነባሩን ሕዝብ የቅርስ ሥፍራ መንካት ክልክል ነው፤ መቈፈሪያውም የእጅ መሣሪያ ብቻ ነው። የተቈፈረ ጉድጓድ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይደፈን፤ ጉድጓድ ትቶ በሚሄድ ሰው ምክንያት የሚዘጋው በር የሚዘጋው በሁላችንም ላይ ነው። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ በፈቃዱ የተገኘውም ወርቅ የባለፈቃዱ ነው።