ጧሪና ሞግዚት፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደካሞችን እንዴት ያያቸዋል?

በአማርኛ ምርቃት ውስጥ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ከፍ ያለ ቦታ አለው። «ጡረታ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃል እንኳ የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ከዚያው ግሥ ነው። ምርቃቱ ሲነገር ጧሪው ልጅ፣ መጦሪያውም የልጅ ቤት እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ልጆች ለእንጀራ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ ሲበተኑ ግን የብዙ አዛውንት ዕጣ በጎረቤትና በዕድር እጅ ወደቀ፤ አንዳንዶቹም በመጦሪያ ቤቶች ተጠለሉ። በአዲስ አበባ በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና በማንሣቱ ስሙ ከሀገር አልፎ ተሰምቷል።

የደግ ሰው መኖር አንድ ነገር ነው፤ የሕግ መኖር ሌላ ነው። የመጦሪያው በር ከተዘጋ በኋላ፣ ራሱን መከላከል ለማይችለው ሰው የሚቆምለት ሕግ ምን ይላል?

መልሱ በዋናነት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 339 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ገጾች ነው። 3367 ቁጥሮች ያሉትን ይህን መጽሐፍ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ገጾቹ የአእምሮና የአካል ጉድለት ስላለባቸው ሰዎች ይናገራሉ። ሕግ እንደማንኛውም ድርሰት በቃላቱ ምርጫና በዝምታው ሊመዘን ይገባዋልና፣ መልካሙን ማስቀደም ተገቢ ነው።

ቁጥር 340 ማየትና መስማት የተሳናቸውን፣ እንዲሁም በጽኑ ጉድለት ራሳቸውን መርዳት ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉትን በግድ ከጥበቃው ሥር አያገባቸውም። ቢሻቸው በጥበቃው እንዲጠቀሙ ይፈቅድላቸዋል፤ ምርጫው የእነርሱ ነው። ዳኛም አንድን ሰው በፍርድ ከመከልከሉ በፊት ሰውየውን በዓይኑ እንዲያይ፣ ያ ካልተቻለም እንዲያስመረምር ሕጉ ያዝዛል። «በዓይን ይታይ» ማለት በወረቀት ብቻ ሰውን ከሰውነት ተራ ማውጣት አይቻልም ማለት ነው።

ነቀፋው የሚጀምረው ከቁጥር 341 ነው። በዚህ ቁጥር መሠረት፣ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመጦሪያ ቤት የገባ ሰው፣ በዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል። ነዋሪዎቿ ከ2000 በሚያንሱባት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ቤተሰቡ እየጠበቀ እንዳይንቀሳቀስ ያገደው ሰው እንዲሁ ይታያል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አንዲት የደከሙ እናት በተኙበት አስፈርሞ ቤታቸውን የወሰደ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ነገር ግን እዚህ ላይ ማስረጃ የሆነው በሩ ነው። ሰውን ያገደው ወገን፣ በማገዱ ብቻ፣ የሰውየው አእምሮ መጉደል ምስክር ይሆናል።

ቁጥር 351 ከዚህ ይብሳል። በፍርድ መከልከል ለታማሚው ጤናና ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ሊወሰን ይችላል። በሕይወት ያለ ሰው፣ ገና ባልሞተበት ንብረት ምክንያት፣ ለሚወርሱት ሲባል ይከለከላል ማለት ነው። የተከለከለውም ሰው አካለ መጠን ባላደረሰ ልጅ ሥርዓት ይተዳደራል፤ ሞግዚት ይቆምለታል። አማርኛው ራሱ ይመሰክራል፦ በቤት ቋንቋ ሞግዚት የሕፃን ጠባቂ ናት። ሰባ ዓመት የኖሩና ልጆች አሳድገው የዳሩ ሰው በአንድ ፍርድ ወደ ሕፃንነት ይመለሳሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታው ነው። እነዚህ ገጾች ስለ ውል፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ጋብቻ በጥንቃቄ ይናገራሉ፤ በመጦሪያ ቤት ስለሚታሰር እጅ፣ ስለሚቀነስ ምግብ፣ ስለማይሰማ አቤቱታ ግን ትንፍሽ አይሉም። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግም ይህን ግዴታ ያልፈጸመውን ይቀጣል። ሆኖም ሁለቱም የሚነቁት ከሳሽ ሲገኝ ነው። ከአልጋው የማይነሣ ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ማን ይወስደዋል?

ሕጉ የተቀዳበት ምንጭ ራሱ በቦታው አልቆመም። ፈረንሳይ የቀድሞውን የክልከላ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1968 ሽራ በየደረጃው በተለያየ ጥበቃ ተካችው፤ በ2007 ደግሞ ሰው አእምሮው ሳለ ለነገ ድካሙ የሚያምነውን ወኪል አስቀድሞ እንዲሾም ፈቀደች። በኢትዮጵያ ሕግ ግን፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር፣ ውክልና የሚቋረጠው ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ነው፤ ይኸውም እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት። እናቱ በድሬዳዋ ያሉ የጅቡቲ ነዋሪ ይህችን ነጥብ ልብ ሊል ይገባዋል።

«ዳቦ ባልሞላበት ቤት የመብት ቅንጦት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጅቡቲም በ2012 አጽድቀዋል፤ ስምምነቱ ደካማ ሰው በሕግ ፊት እኩል ችሎታ እንዳለውና ለመወሰን እንዲታገዝ እንጂ እንዳይተካ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የሀገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ክርክሩ በሕግና በቅንጦት መካከል አይደለም፤ በአንድ ሀገር ሁለት ሕጎች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ ጸድቆ በ2024 በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም መጦሪያ ቤት የውዴታ እንዲሆንና የአገልግሎት መለኪያ እንዲኖረው ይጠይቃል።

ቀድሞ ማንም መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን ይሰበስብ ነበር። ጥሪው ኃይል የነበረው የሚሰማ ሰው በአቅራቢያው ስለነበረ ነው። የ1960ው ሕግ የደካማውን ቤትና መሬት የሚጠብቅ ዳኛ አቁሟል። የጎደለው የመጦሪያውን በር አንኳኩቶ ገብቶ «አባቴ፣ እንዴት ይዘውዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም የሚጽፍ ባለሥልጣን ነው። ማሻሻያው ከዚያ ቢጀምር ምርቃቱም ሕጉም ይገናኛሉ።